ኮሶ ጠጥተዋል

የንስሐ አባቴ በሄድኩ ቁጥር የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ይቅር በይው» ይሉኛል። እሺ አባቴ ብዬ መስቀላቸውን ስሜ እወጣለሁ። ደጀ ሰላሙን ሳልፍ አዛዥ ወልደ ሰንበት ትዝ ይለኛል፤ ቂሜም እንደነበረ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይቅር ማለቱ ቀርቶ፣ ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ስለዚህ አወራዋለሁ።

ከተማው ገና አንኮበር ሳለ ነው፤ አዲስ አበባ የሚባል አገር ስሙም አልተሰማ። አባቴ ዘርአ ዳዊት የአንድ ደጃዝማች በቅሎ ጫኝ ነበር። ሥራው ቆላ ወርዶ ከአሊዩ አምባ ገበያ አሞሌ ጨው መጫንና ያንን አቀበት ወጥቶ ከደጃዝማቹ ዕቃ ቤት ማስገባት ነው። አንኮበርን ያላየ ሰው አቀበት አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። ሲወርዱት ጉልበት ያብረከርካል፤ ሲወጡት ደግሞ ትንፋሽ ይነሳል። አባቴ ግን ድሮ ድሮ እያፏጨ ነበር የሚወጣው። ፉጨቱ ከታች ከገደሉ ሲሰማ እናቴ አሰገደች እሳቱን ትቆሰቁሳለች፤ እኔ ወደ በሩ እሮጣለሁ።

ጥርሴ በሚወላልቅበት ዕድሜ፣ በአንድ ክረምት፣ አባቴ መወፈር ጀመረ። ወፈረ ያልኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ሲነሳ ፊቱ ሞልቶ፣ ዓይኖቹ ጠበው፣ ቅንድቡ ሥር ያለው ቆዳ ተነፍቶ ይታያል። እግሩም ወፍሮ ቁርጭምጭሚቱ ጠፋ። ማታ እሳት ዳር ሲቀመጥ ቅልጥሙን በጣቴ እጫነዋለሁ፤ ጉድጓድ ይሆናል። ጉድጓዱ ቀስ ብሎ እስኪሞላ አፌን ከፍቼ አያለሁ፤ ሲሞላ ሌላ ቦታ እጫናለሁ። አባቴ አይቆጣኝም። «ሊጥ ሆንኩልሽ?» ይለኛል።

ባየኋቸው መኳንንት ሁሉ ፊታቸው ሙሉ ነበር። እኔም አባቴ ሊሾም ነው ብዬ ለሰፈር ልጆች አወራሁ። ምልክቱስ መች አንድ ሆነና። ፋሲካ የታረደውን በግ ገና ሲሸተው ፊቱን አዞረ፤ «አፌን ብረት ብረት ይለኛል» አለ። እኔ ጠገበ አልኩ። ቆዳው አመድ መስሎ ሌት ተቀን ያሳክከዋል፤ ከበሩ መቃን ጀርባውን ሲያሽ ይውላል። ከጓሮ ሲሸና አረፋው እንደ ጠላ አረፋ ከሣሩ ላይ ይቀራል። ሲመሽ ደግሞ ጋደም ማለት አቃተውና ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ማደር ጀመረ። ጅብ እንዳይገባብን እየጠበቀን ነው ብዬ፣ እኔ በዚያ ሰሞን እንደተኛሁት ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

አሁን አሮጊት ሆኜ ሁሉንም ዐወቅሁት። የበኩር ልጄ ፊቱ እንዲያው ባበጠ ጊዜ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አስተርጓሚ አለው። አባቴም እንዲህ ነበር ብዬ አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ሰምቶ ሲያበቃ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ አሳየኝ። ኩላሊት ነው አለ። ኩላሊት ሲሰንፍ ውሃው ከሰውነት አይወጣም፤ ቆሻሻው ደም ውስጥ ይቀራል፤ ደሙ ይቀጥናል፤ ሰውየው ሳይሠራ ይደክማል፤ ሲተኛ ውሃው ሳንባው ላይ ወጥቶ ያፍነዋል። አባቴ ቁጭ ብሎ ያድር የነበረው ትንፋሽ እየለመነ ነበር። ጅቡ ውጭ አልነበረም።

ከሁሉ የባሰው ድካሙ ነው። ጭነት እያጠበቀ ጠፍሩን እንደያዘ ያንቀላፋል። ከበሩ እስከ ምንጩ ሄዶ ሲመለስ ቆላ ወርዶ የመጣ ይመስላል። «ደከመኝ» ይላል። ይህን ቃል ከአፉ ሰምተን የማናውቅ ሰዎች ነን። መንደርተኛው ግን ፊቱን አየና ፈረደ። «ዘርአ ዳዊት እንዲህ ደልቶት ምን ይሁን ብሎ ነው ደከመኝ የሚለው?» ተባለ። የከሳ ቢሆን ኖሮ ይታዘንለት ነበር፤ የወፈረ ሰው ድካም ማን ያምናል?

እናቴ መላ አገኘችለት። በዚያን ዘመን ጥሬ ሥጋ የማይበላ ሰው የለም፤ ኮሶ የማይጠጣም የለም። በየሁለት ወሩ የኮሶውን አበባ ወቅጦ፣ በጥብጦ፣ በባዶ ሆድ ጨልጦ ትሉን ማውረድ የጌታም የአሽከርም ግዴታ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ ያን ቀን አይጠራም። አበዳሪ አይጠይቀውም፤ ዳኛ ቀጠሮ ያሳድርለታል፤ የጌታው መልእክተኛ ከደጅ ሰምቶ ይመለሳል። ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ አለቀ። አባቴ መነሳት ባቃተው ጠዋት እናቴ እኔን ደጅ ታስቀምጠኛለች። የአዛዡ አሽከር ሲመጣ «አባቴ ኮሶ ጠጥቷል» እላለሁ፤ እሱም ይመለሳል።

የኮሶ ቀን የምወደው ቀን ነበር። አባቴ ቤት ይውላል፤ እኔ ራሱን እዳስሳለሁ፤ እሱ ስለ ቆላ ጦጣዎች ያጫውተኛል፤ ተረቱን ሳይጨርስ ይተኛል። የኮሶውን ዋንጫ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ለምን እንዳላየሁ አልጠየቅሁም።

የደጃዝማቹ አዛዥ ወልደ ሰንበት ነበር። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በአንገቱ፣ ጫኙም ጎራሹም በእጁ። ድምፁ ቀስ ያለ፣ ሣቁ የማይሰማ፣ ሰው ሲያዋርድ የማይቸኩል ሰው ነው። የኮሶው ቀን መብዛቱን ደረሰበት። ለደጃዝማቹም ሄዶ «ጌታዬ፣ ኮሶ የሰነፍ ምሽግ ሆኗል» ብሎ ነገራቸው፤ ወሬው ግቢውን ሁሉ አዳረሰ። ከዚያም አባቴን አስጠራው። እኔም ነጠላውን ይዤ ተከተልኩ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። አዛዡ ከሰገነቱ ወርዶ በራሱ ዋንጫ፣ በዚያ በትልቁ፣ ኮሶ አስበጥብጦ ይዞ ጠበቀው። «ዘርአ ዳዊት፣ ትልህ ካንተ በረታ መሰለኝ። ከእንግዲህ ቤትህ አትቸገር፤ እዚህ እኔው አጠጣሃለሁ» አለ።

«ጌታዬ፣ ትል አይደለም። ደክሞኝ ነው» አለ አባቴ።

«ፊትህን አይተኸዋል? የደከመው ሰው እንዲህ ነው?»

ሰው ሣቀ። አባቴ ዋንጫውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ፤ አረፍ ብሎ ጠጣ፤ አዛዡ ሥሩን አሳየኝ እስኪለው ድረስ ጠጣ። ከዚያ በቅሎዎቹ ተነዱለትና ወደ አሊዩ አምባ ወረደ።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ጌቶች የሚወዱትን ሰው በእጃቸው ያጎርሳሉ፤ ያከበሩትን በዋንጫቸው ያጠጣሉ። ይህን ነበር የማውቀው። አዛዡ ራሱ ወርዶ፣ በራሱ ዋንጫ፣ በሰው ፊት፣ ለአባቴ። ሰዉም የሣቀው ደስ ብሎት ነው። ቤት ስደርስ ለእናቴ እየዘለልኩ ነገርኳት። እናቴ የያዘችውን እንዝርት መሬት አስቀመጠች። እኔም ቀናች አልኩ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ደከመኝ ባለ ቁጥር ያ ዋንጫ ይመጣል። ተጠጥቶም አይተኛም፤ ቁልቁለትና አቀበት ነው። አንድ ቀን ወደ ማታ ጫኞቹ ያለ ፉጨት መጡ። ከመጨረሻዋ በቅሎ ላይ ጨዉ ቀርቶ አባቴ ነበር የተጫነው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። ስቅታ ያዘው፤ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሲጠሩት አልሰማ አለ። ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይል ነበር፤ እናቴ ግን ከአፉ አልራቀችም።

ልቅሶ ላይ እህቱ ሸዋወርቅ ደረቷን እየመታች በሙሾዋ መሀል «ወንድሜን በኮሶ ገደሉት፣ አዛዡ በዋንጫው ገደለው» ስትል ሰማሁ። ሴቶቹ ዝም በይ፣ ይሰማብሻል አሏት። እኔ ግን ሰምቻለሁ። በደስታ የዘለልኩለት ዋንጫ ከፊቴ መጥቶ ቆመ። በዚያች ቀን በወልደ ሰንበት ላይ ጥርሴን ነከስኩ፤ ያውም ከፊት ያሉት ገና ሳይበቅሉ።

ሐኪሙን ይህንንም ጠይቄዋለሁ። ኮሶው ለእንዲያ ያለ በሽተኛ መርዝ ነው፤ ያዳክማል፤ ቀኑን ያሳጥራል አለኝ። ቀጥሎ ግን በዚያ ዘመን መድኃኒት ስለሌለው ባይጠጣም ይሞት ነበር አለ። ሊያጽናናኝ ነው። «ጌታዬ፣ ሰው ሁሉ ይሞታል፤ የጠየቅሁዎት እሱን አይደለም» አልኩት። አስተርጓሚው አልተረጎመውም።

የአርባው ተዝካር ወጥቶ ሳይሰነብት እናቴ ነጠላዋን አጥባ አዛዡ ቤት ገባች። ልታገለግል። የአዛዡ ሚስት መዘዞ ባለው ርስቷ ላይ ስለምትኖር ቤቱን የሚይዝለት ሰው ይፈልግ ነበር፤ እናቴ ደግሞ በጠላ አጠማመቋ የታወቀች ናት። አክስቴ ሸዋወርቅ ቤታችን ድረስ መጥታ፣ «የወንድሜ አጥንት ሳይደርቅ የገዳዩን ጉሽ ልታጠልዪ?» አለቻት።

«ልጅ አለኝ፤ ሆድ አለኝ» አለች እናቴ።

«ሆድሽን ይቁረጠው» ብላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም።

ወልደ ሰንበትም ደስ ብሎት ተቀበላት። የሟች ሚስት ጎንበስ ብላ እጁን ካስታጠበችው ገዳይ የሚለው ማን አለ? እሱ ስሙን አጠበባት። እኔ እያንዳንዱን ነገር እየቆጠርኩ ተቃጠልኩ። ለእሱ ጠላውን ለይታ ታጠልላለች። ትራሱን ታስተካክላለች። «ጌታዬ» ስትል ድምጿ ይለሰልሳል። ከእሷ ጋር መተኛት ትቼ ከእህል ስልቻው ሥር ተኛሁ። ጠላውን ወደ እልፍኝ አድርሺ ስትለኝም መንገድ ላይ ቆም ብዬ እተፋበታለሁ። ወልደ ሰንበት የእኔን ምራቅ ስንት ገንቦ እንደጠጣ እግዜር ይቁጠረው፤ ይህንን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ኃጢአት አይመስለኝም።

ሰውየው ምሳውን በልቶ፣ ያንን ጠላ ጠጥቶ፣ መተኛት ይወዳል። እናቴም ጠላውን አጠንክራ ትጠምቀው ጀመር። «ስተኛ ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ፤ የመጣውን ሁሉ መልሺ» አላት። አንድ ቀን ከሰዓት እሱ ሲያንኮራፋ የደጃዝማቹ አሽከር መጥቶ «አዛዡን ጌታዬ ይፈልጓቸዋል» አለ።

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «ኮሶ ጠጥተዋል» አለችው።

አሽከሩ ተመለሰ። እኔ ጓሮ ሆኜ ሰማሁ፤ ደሜ ፈላ። ይህ የአባቴ ቃል ነበር። ለአባቴ ዕረፍት ብላ ያበጀችውን ቃል አውጥታ የገደለውን ሰው አስተኛችበት። ከእንግዲህ እናት የለኝም አልኩ። በቀሉን ሳድግ በሁለቱም ላይ እወጣዋለሁ ብዬ በአባቴ መቃብር ማልኩ።

ብዙም ሳይቆይ አሽከሩ ደግሞ መጣ፤ ያንኑ ቃል ሰምቶ ተመለሰ። አዛዡ ሲነቃ አልነገረችውም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ደጃዝማቹ ከሩቅ የመጡ ባላባቶች ድንገት ደርሰውባቸዋል፤ ማሩም፣ ቅቤውም፣ የሚሸለመው ልብስም ያለው ዕቃ ቤት ነው፤ ቁልፉ በወልደ ሰንበት አንገት ነው። እናቴ የአሽከሩን ዓይን እያየች «ኮሶ ጠጥተዋል» አለች። እንግዶቹ በጎመን ራት በልተው አደሩ።

በነጋታው በግቢው ያለ ሰው ሁሉ ተጠራ፤ እኛም ሄድን። ደጃዝማቹ ከምንጣፋቸው ላይ ሆነው ቀስ ብለው ጠየቁት። «ወልደ ሰንበት፣ ኮሶው አሻረህ?»

«የምን ኮሶ ነው ጌታዬ?»

«ትናንት የጠጣኸው። ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በፊት።»

«በዚህ ሰሞን ኮሶ የሚባል በአፌ አልዞረም። ማርያምን።»

«አልጠጣህም።» ደጃዝማቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ሳትጠጣ ጠጣሁ እያስባልክ ነው ስንጠራህ የምትተኛው።»

አዛዡ ያን ጊዜ ነው የደነገጠው። «ማን አለ? ሴትዮዋ ትጠየቅ» ብሎ ወደ እናቴ አመለከተ። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ መሬት ስማ ቆመች። ውሸቷ ከታወቀ ጅራፍ ነው፤ ከዚያ የሚተርፍ ነገር እንደሌለ እኔም ገብቶኛል። ጠልቻታለሁ፤ ግን ጅራፍ የያዘውን ሰው በዓይኔ ፈለግሁ።

«ጌታዬ፣ እኔ ገረድ ነኝ» አለች። «ስተኛ አትቀስቅሺኝ፣ የመጣውን መልሺ ብለውኛል፤ መለስኩ።»

«ብለሃታል?» አሉ ደጃዝማቹ።

«ብያታለሁ፤ ግን ጌታዬ፣ ኮሶ በይ አላልኳትም!»

«አላሉኝም» አለች እናቴ አንገቷን ደፍታ። «ግን ከሥራቸው ያሉት ሰዎች ሲደክማቸው የሚሉት ኮሶ ነው። እሳቸውም ሲደክማቸው ሌላ ምን እላለሁ?»

በግቢው ሣቅ ተነሳ፤ አባቴ ዋንጫውን ሲይዝ የሣቀው ያው ሰው ነው። ደጃዝማቹ ግን አልሣቁም። «ኮሶ የሰነፍ ምሽግ ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተው ነህ» አሉት። ቁልፉን ከአንገቱ አስፈቱት። ኮሶ በጥብጡለት አሉ፤ እዚያው ጨለጠ። ቀጥለውም «ከጫኞቹ ጋር ውረድ። አሊዩ አምባ ደርሰህ ጨው ይዘህ፣ በእግርህ ትመጣለህ» ብለው ፈረዱበት።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እናቴ ቅል ሙሉ ውሃ ይዛ «ተነሺ» አለችኝ። አቀበቱን ወረድን። ከገደሉ አፋፍ፣ ጫኞች አረፍ ከሚሉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘንድ ስትቀመጥ ነገሩ ገባኝ፤ ጌታዋን ውሃ ልታጠጣ መጥታለች። ከእሷ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጫኞቹ አንድ በአንድ አለፉ። ወልደ ሰንበት ኋላ ቀርቷል፤ የበቅሎዋን ጭራ ይዞ ትጎትተዋለች። ኮሶው ሆዱን ሲቆርጠው ውሏል፤ ልብሱ ቆሽሿል፤ ፊቱ ጭቃ መስሏል። ሲያየን ጭራውን ለቀቀና ድንጋዩ ላይ ዘፍ አለ።

«አሰገደች፣ ውሃ» አለ። «ደከመኝ።»

እናቴ ቅሉን ይዛ ቆመች። «ደከመኝ ነው ያሉት?»

«ነፍሴ ልትወጣ ነው።»

«አምኜዎታለሁ፣ ጌታዬ» አለችው። «ደከመኝ ያለ ሰው አምናለሁ። ዘርአ ዳዊትም ሲለኝ አምኜው ነበር፤ ከኔ በቀር ያመነው አልነበረም።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ቤቱ ስትወጣ ስትገባ ኖራ፣ ፊቷን ያያት ያን ጊዜ ይመስለኛል። «ሆን ብለሽ ነው?» አለ።

«ገና ቤትዎ ስገባ ጀምሮ።»

እኔም የሰማሁት ያኔ ነው። ስለሷ ስቆጥር የከረምኩት ሁሉ፣ ትራሱም፣ ጠላውም፣ ድምጿም፣ ተገለበጠብኝ። ተነስቼ ሄጄ ከጎኗ ቆምኩ፤ ቀሚሷን ያዝኩ።

እናቴ ጎንበስ ብላ ውሃውን ከጠፍጣፋው ድንጋይ ጎድጓዳ ላይ አፈሰሰችውና በቅሎዋን ጠራቻት። በቅሎዋ መጥታ አፏን ነከረች። ወልደ ሰንበት እጁን ዘረጋ፤ እናቴ በእግሯ ከለከለችው። «ጭነት ይዛለች፤ ደክሟታል» አለችው።

በቅሎዋ እስክትጠግብ ጠበቅን። ከዚያ አቀበቱን ያዝን። ሰውየው ከኋላችን ስሟን እየጠራ ነበር፤ እናቴ ማፏጨት ጀመረች።